የሁለቱ «ላክ» ጣጣ

ፊሮምሳ ሳምራን ሊያገባ ከወሰነ ቆይቷል። ለሳምራ ግን አልነገራትም። ኮድ ጸሐፊ ነው፤ ሁሉንም ነገር መጀመሪያ ለብቻው ሞክሮ፣ አስተካክሎ፣ እንደማያሳፍረው ሲያውቅ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ሌላው ሰው ቀለበት በሚገዛበት ሰዓት እሱ የሠርግ ጥሪ የሚልክ ፕሮግራም ጻፈ። ልጅቷን መጠየቅ የመጨረሻው ሥራ ሆኖ ቀረ።

የሚሠራው ቃሊቲ፣ ከባድ መኪናዎችን በሚያሰማራ አንድ የጭነት ድርጅት ውስጥ ነው። ቢሮው ከጋራዡ በላይ ስለሆነ እሱ ላይ ሲጽፍ ታች ጎማ ይደበደባል። ጭነት ሲገኝ ለሾፌሩ በስልኩ መልእክት የሚልከውን ፕሮግራም የሚንከባከበው እሱ ነው። «ከሞጆ ብረት ጭነህ አቃቂ አራግፍ» የሚል ዓይነት። መልእክቱን የሚያደርሰው ፈንክሽን፣ ማለትም ለዚያ ሥራ የተጻፈው የኮድ ቁራጭ፣ ስሙ «ላክ» ነው። ለሠርጉ በሠራው ፋይል ውስጥ ያለውም ፈንክሽን ስሙ «ላክ» ነው። ሥራው መላክ ነው፣ ታዲያ ማን ይበለው?

የሠርጉ ላክ የተጋባዡን ስልክና ስም ተቀብሎ፣ «ውድ» ብሎ ይጀምርና ስሙን ይደነቅርበታል። ከዚያ «እሑድ በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የጋራ አዳራሽ በሚደረገው የፊሮምሳና የሳምራ ሠርግ ላይ ከነቤተሰብዎ እንዲገኙልን በአክብሮት ጠርተንዎታል» ይላል። እሑድ የምትለዋ ለሙከራ የገባች ቀን ናት። አዳራሹም ለሙከራ ነው። እንደ እውነቱ ሙሽራዋም ለሙከራ ነበረች።

ችግሩ የመጣው በደግ ሐሳብ ነው። የሥምሪት ኃላፊዋ ወይዘሮ አቻምየለሽ፣ የአንዳንድ ሾፌሮች ስልክ ቁጥር በተንሻፈፈ መንገድ ስለተመዘገበ መልእክት አይደርሳቸውም ብላ አማረረች። ፊሮምሳ ደግሞ በሠርጉ ፋይል ውስጥ የትኛውንም ቁጥር የምታቃና ቆንጆ ፈንክሽን ነበረችው። እሷን ብቻ በስሟ ጠርቶ ወደ ሥራው ፕሮግራም ቢያስገባት ይበቃ ነበር። እሱ ግን ሰነፈና በስሟ ፈንታ የኮከብ ምልክት (*) አደረገ። በፓይተን ቋንቋ ኮከብ ማለት «እዚያ ፋይል ውስጥ ያለውን ሁሉ አምጣልኝ» ነው። ሁሉ ሲባል የሠርጉም ላክ መጣ። ፓይተን በስም አይጣላም፤ በአንድ ስም ሁለት ከመጡበት የኋለኛውን ይይዛል፣ የፊተኛውን ይረሳል፣ ለማንም ትንፍሽ አይልም።

ፊሮምሳ ቁጥሮቹ መቃናታቸውን አይቶ፣ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ የጮኸው አጠገቡ የምትሠራው የዩምና ስልክ ነው። ዩምናም ኮድ ጸሐፊ ናት፤ አባቷ ከወሎ መጥተው ቃሊቲ የከረሙ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፣ ለዚሁ ድርጅት ይጭናሉ።

«ዩሚ» አሏት አባቷ፣ «‹ውድ ከሞጆ ብረት ጭነህ አቃቂ አራግፍ› የሚባል ሰው ማነው? የሱ የሠርግ ጥሪ በኔ ስልክ ገባ።»

ዩምና መልሱን ሳታገኝ ወይዘሮ አቻምየለሽ በሩን በርግዳ ገባች። «ፊሮምሳ! ሲሚንቶ የጫነ ሲኖትራክ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በር ላይ ተገትሯል። ዘበኛው አላስገባም ብሏል። ሾፌሩ ደግሞ ‹አራግፍ ተብያለሁ፣ ከነቤተሰቤም ተጠርቻለሁ› ይላል። ምንድን ነው ይሄ?»

ፊሮምሳ፣ ሾፌሩ ለወይዘሮ አቻምየለሽ መልሶ የላከላትን የራሱን መልእክት ከስልኳ ላይ ሲያነብ ጆሮው ድረስ ጋለ።

ዩምና ወንበሯን ወደ እሱ ሳበች። «ስንት ላክ አለህ?»

«አንድ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«በጣም።»

ዩምና አንዲት መስመር ጻፈች፤ ፕሮግራሙን፣ ላክ የምትለው ከየት የመጣ ነው ብላ ጠየቀችው። ፕሮግራሙ አልዋሸም፤ «ከሠርግ» አለ።

«ኮከብ!» አለችው። «አንተ ሰውዬ፣ ኮከብ! ያኛው ላክ የጭነት ትእዛዙን የተጋባዥ ስም መስሎት ነው እኮ ‹ውድ ከሞጆ ብረት› የሚለው።» ሳቋ አመለጣት። ከዚያ በድንገት ቆመ። «ቆይ፣ ሳምራ ግን... ጠይቀሃታል?»

«ልጠይቃት ነበር።»

«የድርጅቱ ሾፌር በሙሉ ያወቀውን እሷ አታውቅም?»

ፊሮምሳ ወደ ሾፌሮቹ ስም ዝርዝር ዞረ። ሌላ ነገር ትዝ ብሎት ነበር። የሳምራ አባት አቶ ቀነኒሳ ከሾፌሮቹ አንዱ ናቸው። ፊሮምሳን አይተውት አያውቁም፤ ልጃቸው ሰው እንዳላትም አልሰሙም።

ታች ጎማ የሚደበድበው መዶሻ ቀጥ አለ።

አቶ ቀነኒሳ በዚያች ሰዓት መኪናቸውን ግቢ ውስጥ አቁመው ጭነት ይጠብቁ ነበር፤ የጭነት ትእዛዝ ነው ብለው የከፈቱት መልእክት የልጃቸውን ሠርግ ነገራቸው። ፊሮምሳ ሲባል የሚያውቁት አንድ ብቻ ነው፦ ጎሚስታው። እሱንም ደግሞ እግራቸው ስር፣ ጎማ ላይ ተደፍቶ አገኙት።

«እሑድ ነው አሉ ሠርግህ!» ድምፃቸው ደረጃውን ወጥቶ ቢሮ ገባ።

«የምን ሠርግ?»

«ከልጄ ጋር!»

«አቶ ቀነኒሳ፣ እኔ እኮ ሚስት አለኝ! የልጄ ክርስትና ላይ አንቱ ራስዎ ሲጨፍሩ አልዋሉም?»

«ታዲያ በላይዋ ልታገባ ነዋ!»

«ኧረ በማርያም! ፊሮምሳ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ላይ ቤት አንድ ኮምፒውተር የሚነካካ አለ አይደል!»

ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። ፊሮምሳ መስኮቱን አየ፤ ፍርግርግ አለው። አቶ ቀነኒሳ ገቡ። በእጃቸው የጎማ ማውለቂያ ብረት ይዘዋል፤ ከጎሚስታው ሲነጥቁት ለምን እንደነጠቁት እሳቸውም ያወቁ አይመስልም።

«ፊሮምሳ የምትባለው የትኛው ነህ?»

ቢሮው ውስጥ ያለው ወንድ አንድ ነው። ቢሆንም ወይዘሮ አቻምየለሽ እንዳይሳሳቱ በጣቷ አሳየቻቸው።

«እ... እሑድ የተባለው ለሙከራ ነው አባባ» አለ ፊሮምሳ።

«ልጄን? ለሙከራ?»

«አይ፣ ቀኑን! ቀኑን ነው!»

አቶ ቀነኒሳ ብረቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ስልካቸውን አወጡ። ሳምራ አቃቂ፣ ብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አደረጉት።

«ሳምራ፣ እሑድ ታገቢያለሽ?»

«ማንን?» አለች።

ፊሮምሳን ከዚያ ሁሉ ጩኸት ይልቅ ይቺ ቃል አሳፈረችው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ካፌ አብረው እየተቀመጡ፣ እሷ ማኪያቶዋን እያማሰለች አንድ ነገር እንዲላት የጠበቀችበት ቀን ስንት ይሆን? እሱ ደግሞ ስለ ሥራው ሲያወራ።

«መጣሁ» ብላ ዘጋች።

በምሳ ሰዓት ደረሰች። የሥራ ካፖርቷን አላወለቀችም፤ አፍንጫው ብረት የሆነው የፋብሪካ ጫማ እግሯ ላይ ነው። አባቷን ሳመች፣ ስልካቸውን ተቀብላ ጥሪውን ከላይ እስከ ታች አነበበች።

«ለኔ አልደረሰኝም» አለች።

«አንቺ ዝርዝሩ ውስጥ የለሽም» አለ ፊሮምሳ። «ማለቴ... ሙሽራ ስለሆንሽ።»

ዩምና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ለሾፌር ሁሉ ጥሪ ስትጽፍ እኔን አንድ ቃል መጠየቅ ከበደህ?» አለች ሳምራ።

«እምቢ ብትዪስ ብዬ ነው» አለ። ድምፁ አነሰ። «ኮድ ሲበላሽብኝ አርመዋለሁ ሳምራ። አንቺ እምቢ ካልሽ ግን ምኑን አርማለሁ?»

ሳምራ ቀና ብላ አየችው። ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልታወቀም። «እሺም እምቢም የሚባለው ሲጠየቁ ነው» አለችና ወደ ዩምና ዞረች። «ይሄ ነገር አሁን ይልካል?»

ዩምና ኮከቧን አጥፍታ፣ ቁጥር የምታቃናዋን ፈንክሽን ብቻ በስሟ አስገብታ ነበር። «አሁን የሚልከው ትክክለኛው ላክ ነው።»

«እንግዲያው ጻፊ። ‹የእሑዱ ሠርግ የለም። ሙሽራዋ አልተጠየቀችም። ሲሚንቶው ወደ መጋዘን ይመለስ።›»

ሄደ። ወዲያው ከሾፌሮቹ መልስ ይጎርፍ ጀመር፤ ወይዘሮ አቻምየለሽ እያነበበች መሳቋን መደበቅ አቃታት። «ታዲያ ይጠይቃታ!» ይላል አንዱ። «ሲሚንቶውን የሚመልሰው ሙሽራው ነው ወይስ እኔ?» ይላል ሌላው። «ሠርጉ የሚኖር ከሆነ የበግ ዋጋ ሳይወደድ ንገሩን» ያለም አለ።

ፊሮምሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሳምራ፣ እኔ...»

«እዚህ እንዳትጀምር!» አሉ አቶ ቀነኒሳ። «የሰው ልጅ የምትፈልግ ከሆነ ሽማግሌ ላክ!»

«ሽማግሌው አንተን ሲጠይቅህ እኔ ምን እንዳልኩ ሳታውቅ ነው የምትመልሰው አባዬ?» አለች ሳምራ። «መጀመሪያ እኔን።»

ፊሮምሳን በእጅጌው ይዛ ወረደች። ጠየቃት፤ ግቢው ውስጥ፣ በሁለት ተሳቢዎች መሃል ቆመው። የመጀመሪያውን አንድ ሲኖትራክ ክላክስ አድርጎ ዋጠው። ደግሞ ጠየቃት። «አስብበታለሁ» ብላው ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የምሯን አሰበችበት። ፊሮምሳ በዚያ ሰሞን ከሳ፤ ሾፌሮቹም አላዘኑለትም፣ ባዩት ቁጥር «ምን አለች?» ይሉታል። የመልእክቱ ሥራ ለዩምና ተሰጠ፤ ወይዘሮ አቻምየለሽ እሱን የነዳጅ ሪፖርት ላይ መደበችው፣ እዚያ ምንም የሚላክ ነገር የለም። ሳምራ አንድ ቅዳሜ ካፌ ተቀምጠው ሳለ፣ እሱ ስለ ነዳጅ ሲያወራ አቋረጠችውና «እሺ» አለችው። «ምኑን?» አላት። ኩባያውን ልትወረውርበት ምንም አልቀራት።

ሽማግሌ ተላከ፤ አቶ ቀነኒሳም ሁለቴ መልሰው በሦስተኛው እሺ አሉ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ አቃቂ ሆነ። በዕለቱ የቃሊቲ መንገድ በከባድ መኪና ተዘጋግቶ ሙሽራዋ ዘገየች። ፊሮምሳ አዳራሹ በር ላይ ቆሞ፣ ላብ እያጠመቀው፣ ሐሳቧን ቀይራለች ብሎ ደመደመ። ስልኳ አይነሳም።

ከዚያ አንድ ባጃጅ አቧራውን እየቀደደ መጥቶ ቆመ። ሳምራ ያጌጠውን መኪና መንገድ ላይ ጥላው፣ ቬሏን ጭኗ ላይ ጠቅልላ ነው የመጣችው። ፊሮምሳ እያያት ቃል ጠፋው።

«ምን ትገተራለህ?» አለችው። «ቀሚሴን በሩ ይዞብኛል፣ ና አስለቅቀኝ!»

ተንበርክኮ ያስለቅቃት ጀመር። እሷም ከላይ ሆና፣ ፊቱን ያጠመቀውን ላብ በቬሏ ጫፍ ጠረገችለት።