የፀጉር ቤቱ ዓሦች

ዓይናዲስ በሮብ ገበያ ከተማ ዙሪያ ላም መርምራ «ይዛለች» ካለች ባለቤቱ ገና ላልተወለደው ጥጃ ስም ያወጣ ነበር። ስድስት ዓመት በከብት አዳቃይነት ስትሠራ ቃሏ ጠብ ብሎ አያውቅም። ባለፈው ሰኔ ግን የጋሽ ዘመነን ላም ሦስት ጊዜ አዳቅላ አልይዝ ስላለቻት፣ አንድ ቀን ዝናብ ሲያጣድፋት እጇን ሰደድ አድርጋ አወጣችና «መሲና ናት፤ አትወልድም፤ ይሽጧት» አለቻቸው። ላሚቱ ታረደች። ከሆዷ የሦስት ወር ጽንስ ወጣ።

ጋሽ ዘመነ አልተቆጧትም። «ምን ይደረጋል፣ አንቺም ሰው ነሽ» አሏት። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ላም ፊት ስትቆም እጇ ይፈራ ጀመር። ሐምሌ ላይ የዓመት ፈቃዷን ወሰደችና ደብረ ማርቆስ አክስቷ ማንጠግቦሽ ዘንድ ወረደች።

ማንጠግቦሽ ፀጉር ቤት አላቸው። ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች እንዳይሰለቹ ብለው ከአዲስ አበባ ያስመጡት የዓሣ ገንዳ ከመስተዋቱ ጎን ቆሟል፤ ቀዩም፣ ጥቁሩም፣ ጅራቱ እንደ ጥለት ያሸበረቀውም ትንንሽ ዓሣ አንድ ላይ ይኖርበታል።

«እስቲ ይችን ጥቁሯን እያት» አሉ ማንጠግቦሽ። «ሆዷ ተነፍቶ ሊፈነዳ ነው። ሌሎቹን ሳትበክልብኝ ላውጣት?»

«እኔ የላም ነኝ እትዬ። ዓሣ አላውቅም።»

«እይ አልኩሽ እንጂ እወቂ አላልኩሽም።»

ዓይናዲስ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስልኳ ላይ ስታነብ በበሽታ ያበጠ ዓሣ ቅርፊቱ ይቆማል ይላል፤ የጥቁሯ ቅርፊት ግን ተኝቷል፤ ስትበላም ደህና ናት። ቀጥሎ ሁሉንም አንድ በአንድ አየች። ከአንዳንዶቹ ሆድ ሥር ያለው ክንፍ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ነው፤ የሌሎቹ እንደ መርፌ የሾለ። የሾለው ወንድ፣ የተዘረጋው ሴት። ከጥቁሮቹ መካከል የሾለ ክንፍ ያለው አንድም አልነበረም።

«አርግዛ ይሆን?» ስትላቸው፣ «ታዲያ ከማን ታረግዛለች?» አሉ ማንጠግቦሽ። «ጥቁሩ ወንድ እኮ ከፋሲካ በፊት ሞቷል።»

«እነዚህ እንቁላል አይጥሉም፤ ነፍስ ያለው ልጅ ነው የሚወልዱ። ሴቷ ደግሞ የወንዱን ዘር ለወራት ሆዷ ውስጥ ታቆየዋለች ይላል። ከዚህ በፊትም ወልዳ ይሆናል፤ ሌሎቹ በሏቸው እንጂ።» ዓይናዲስ ድንገት ሳቀች። «እኔ በናይትሮጅን የቀዘቀዘ የኮርማ ዘር ተሸክሜ ዳገት እወጣለሁ፤ እሷ ሆዷ ውስጥ ይዛው ትዞራለች።»

«እርጉዝ ናት በያ።»

ሳቋ ጠፋ። «ዛሬ አልናገርም። ነገም ልያት።»

ቀይ ብትሆን ኖሮ ከሆዷ ጫፍ፣ ወደ ጅራቷ በኩል፣ ጠቆር ያለ የእርግዝና ምልክት ይታይ ነበር፤ የእሷ ግን ገላዋ ራሱ ጥቁር ነው። ዓይናዲስ ጠዋት አየቻት፣ ማታ አየቻት። በአምስተኛው ቀን ክብ የነበረው ሆዷ ማዕዘን አወጣ፤ ዓሣዋም ከሌሎቹ ተለይታ ጥግ ያዘች።

«እርጉዝ ናት» አለች ዓይናዲስ።

ጎድጓዳ የመስታወት ሳህን ገንዳው ውስጥ አንሳፈፈች፤ ውኃው እንዳይቀዘቅዝ ነው። በውስጡ የፕላስቲክ ወንፊት አስቀምጣ ዓሣዋን ወንፊቱ ላይ አደረገቻት፤ ጫጩቶቹ በቀዳዳው ወደ ታች ሲወርዱ እናታቸው እንዳትበላቸው።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ፀጉሯ በቢጎዲን የተጠቀለለላት የኔአለም የምትባል ደንበኛ ከገንዳው አጠገብ ተቀምጣ ነበር። «ዓይናዲስ፣ ነይማ» አለች በቀስታ፣ የሚሰማት ነገር እንዳይደነግጥ ይመስል። «አንድ ነገር ወደቀ።»

የወደቀው ነገር ለአፍታ ተጠቅልሎ ቆየና ተዘርግቶ ዋኘ። ሁለተኛው ተከተለ። ግማሽ ፀጉራቸው የተሠራ፣ ግማሹ ያልተሠራ ሴቶች ከበው ቆሙ፤ ማንጠግቦሽም ማበጠሪያቸውን እንደያዙ ረሱ። ሃያ ሁለት ወለደች። ሦስቱ ሞቱ፤ የቀሩትን ዓይናዲስ የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል በጣቷ እያደቀቀች መገበቻቸው።

ፈቃዷ ሲያልቅ ሮብ ገበያ ተመለሰች። በሳምንቱ እማሆይ የብርጓል ጊደራቸውን አስመረመሩ። ዓይናዲስ እጇን ሰዳ ብዙ ቆየች።

«ይዛለችም፣ አልያዘችም ለማለት እርግጠኛ አይደለሁም» አለች። «በሃያ ቀን እመለሳለሁ። እስከዚያ እንዳይሸጧት።»

«አንቺ ድሮ እንዲህ አልነበርሽም» አሉ እማሆይ።

«አዎ፣ አልነበርኩም።»

በሃያኛው ቀን ጭቃውን እየረገጠች መጣች። ዳግመኛ መረመረች፤ በዚህ ጊዜ እጇ አልፈራም።

«ይዛለች፤ ሁለት ወር ሞልቷታል።»

ዓይናዲስ ጓንቷን አውልቃ እጇን እስክትታጠብ ድረስ እማሆይ የብርጓል ከጊደራቸው አጠገብ ቆመው አንገቷን ያሹላት ነበር።