በአንቀጽ ሃያ ሦስት ሥር የተቀመጡ ለቀስተኞች

፩

ግንቦት አሥራ አራት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ። ሐኪሙ ልጄን ሳይሆን እኔን እያየ ተናገረ። ሲጨርስ፣ "ይንገሯት" አለኝ።

ነገርኳት።

በእጄ።

፪

ልጄ ምንታምር ትባላለች። በአራት ዓመቷ ማጅራት ገትር ታማ መስማት አቆመች። የምልክት ቋንቋን እሷ ከትምህርት ቤት ተማረች፣ እኔ ከእሷ። ፊደልም የቆጠርኩት በእሷ ደብተር ነው፤ አስተማሪ አልነበረኝም። የጻፍኩት ከተጣመመ አንባቢ ይታገሠኝ።

በቁጥር የምጽፍበትን ምክንያት ልንገራችሁ። በሕይወቴ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት ረጅም ጽሑፍ የአዲሱ ሕገ መንግሥት ረቂቅ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በቁጥር ነው የተጻፈው። ቁጥር ደግ ነው። እንባ ሲመጣብኝ አቆማለሁ፤ ነገ ከሚቀጥለው እጀምራለሁ።

፫

ረቂቁ ለሕዝብ በኢንተርኔት ተከፍቶ ነበር። በየአንቀጹ ሥር የፈለገ ሰው ሐሳቡን ይጽፋል፤ ሌላው ከሥሩ መልስ ይሰጣል። ብዙ መልስ ያገኘ ሐሳብ ለአርቃቂዎቹ ጉባኤ ይቀርባል። ምንታምር አልጋ ላይ ሆና በስልኳ ስታነብ ትውላለች። አንቀጽ ሃያ ሦስት ስለ ጤና ነው። ከሥሩ እንዲህ ጻፈች፦

        መስማት የተሳነው ሰው የገዛ ሕመሙን ከእናቱ እጅ አይስማ። መንግሥት ሌላ እጅ ያቅርብለት።

አሳየችኝ።

— ይሄ ሕግ ነው ወይስ ስሞታ? አልኳት።

— ለአንቺ ነው። እጅሽ እንዲያርፍ።

— እጄ ደግሞ ምን ሆነ?

— ያን ቀን ተንተባተበ። "ጉበት" ማለት አቅቶሽ ሆዴን እየጠቆምሽ ቀረሽ። ያረገዝኩ መስሎኝ ነበር!

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ገጹን እየከፈተች ታያለች። "ያነቡት ይሆን?" ትለኛለች። ከሥሩ መልስ የጻፈ ሰው አልነበረም።

ማንም።

፬

ሰኔ ማብቂያ ላይ አረፈች።

 

 

፭

ደሴ ነው የምንኖረው። የሰፈራችን እድር እስላም ክርስቲያን ሳይል አንድ ላይ ነው፤ ሕጉም ጥብቅ ነው። ለቅሶ ላይ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል።

የእድሩ ጸሐፊ ከማል መርዶውን በቴሌግራም ሊልክ የምንታምርን ፎቶ በኢንተርኔት ሲፈልግ ያገኘው አንቀጽ ሃያ ሦስት ሥር ነው። ፎቶዋን አየ፣ ስሟን አየ፣ ከታች መጻፊያ ቦታ አየ። የሐዘን መግለጫ ገጽ መሰለው። "ሩቅ ያላችሁ እዚህ ገብታችሁ ጻፉ፤ የዛሬውን ስም የምጠራው ከዚሁ ነው" ብሎ ከነገጹ አድራሻ ላከ።

ጻፉ።

        ነፍስ ይማር። አስናቀች፣ ከኮምቦልቻ።

        አላህ ሶብሩን ይስጥሽ እታፈራሁ። ሙህዬ ነኝ።

        ነፍስ ይማር። መኪና ይዤ መንገድ ላይ ነኝ።

        ነፍስ ይማር። ከማል፣ መገኘቴን መዝግብልኝ። ባለፈው እያለሁ የለም ብለህ አስቀጥተኸኛል።

ከተማ ውስጥ ያሉትም ለጥንቃቄ ጻፉ። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሳይቀሩ ጻፉ። በዚያው ቀን አንቀጽ ሃያ ሦስት ከረቂቁ ሁሉ ብዙ መልስ ያለበት አንቀጽ ሆነ።

፮

ሰልስት ዕለት፣ በስልክ። ምንታምር ገጹ ላይ ስትመዘገብ የሰጠችው የእኔን ቁጥር ነበር፤ ለእሷ ተደውሎ ምን ሊሆን?

ሴትየዋ፦ ከረቂቁ ገጽ ነው የምደውለው። ሐዘን ላይ መሆንዎን ከመልሶቹ ነው ያወቅሁት። እግዜር ያጽናዎት እናቴ።

እኔ፦ አሜን ልጄ።

ሴትየዋ፦ መልሶቹ ግን ስለ አንቀጹ አይደሉም። ማንሳት አለብን። ከተነሱ ደግሞ የልጅዎ ሐሳብ ለጉባኤ አይቀርብም። ገጹም ነገ ይዘጋል።

እኔ፦ ለቅሶ የደረሰ ሰው ይባረራል?

ሴትየዋ፦ እናቴ፣ ስለ አንቀጹ የሚሉት ካላቸው ተመልሰው ይጻፉበት። ገጹ እስኪዘጋ አልነካውም።

ስሟን አልጠየቅኋትም። ይህን ካነበበች፣ እድሜ ይስጥሽ ብያታለሁ።

፯

ድንኳኑ ሊፈርስ ገመዱ እየተፈታ ነበር። ሴትየዋ ያለችኝን ስነግራቸው የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሸዋረጋ አስቆሙት።

"ከማል! አበላሸኸው አይደል?"

"ጋሽ ሸዋረጋ፣ እኔ ባላበላሸው ማን ያየው ነበር?"

"አፍህን ይዘህ ስም ጥራ። ሁሉም ተመልሶ ይጽፋል። ነፍስ ይማር ብቻ ብሎ የተወ እንደቀረ ይቆጠራል።"

"ምን ብለን ነው የምንጽፈው?" አሉ እትዬ ዘምዘም፣ ባለሱቋ። "እኔ ደግሞ ፊደል አልቆጠርኩ።"

"የምታውቂውን ተናገሪ። እታፈራሁ ትጽፍልሻለች።"

በእኛ ሰፈር ሐዘንተኛ ውሃ እንኳ አይቀዳም። ያን ቀን ግን በልጄ ለቅሶ ጸሐፊ ሆንኩ። ሰው ሁሉ እየመጣ አጠገቤ ተቀመጠ። አንዱን ልጻፍላችሁ፦

        ዘምዘም ይማም ነኝ። ምንታምር ሱቅ ስትመጣ እጮህባት ነበር፣ ስጮህ የምትሰማኝ ይመስል። እሷ ትስቃለች። ሐኪም ቤትም የሚጮሁባት እንደኔው ነው። እኔ ሳሙና ነው የምሸጥ፣ እነሱ የያዙት ነፍስ ነው። አስተርጓሚ ይቀመጥ።

፰

አመሰግናለሁ።

መኪናውን ሐይቅ ከተማ ዳር አቁሞ የጻፈውን ሹፌር። በኋላ ሳገኘው፣ "ተሳፋሪው ሲሰድበኝ ምክንያቱን ነገርኳቸው፤ ሦስቱ አብረውኝ ጻፉ" አለኝ። እነዚያን ሦስቱንም።

ጋሽ ሸዋረጋን፣ ስለ ቁጣቸው።

አመሰግናለሁ።

ከማልን፣ ስለ ስሕተቱ። ዛሬም ሰፈሩ ይቀልድበታል። እኔ ግን በየበዓሉ ዳቦ እልክለታለሁ።

፱

ነሐሴ ላይ ጉባኤው ጠራኝ። እድሩ ሚኒባስ ተከራይቶ አብሮኝ ሄደ። አዳራሹ ሞልቷል። ሰብሳቢው፣ "የልጅዎን ሐሳብ ያስረዱን" አሉና ማይክ ሰጡኝ።

ማይኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። በእጄ ጀመርኩ።

"እናቴ መስማት አይችሉም እንዴ?" አሉ ሰብሳቢው።

"ኧረ ትሰማለች" አሉ ጋሽ ሸዋረጋ ከኋላ።

"አስተርጓሚ አለ?"

አልነበረም።

"እንግዲያው እርስዎ ይንገሩን፣ ምንድን ነው የሚሉት?"

"እኔ ምኑን አውቄ" አሉ ጋሽ ሸዋረጋ።

አላቆምኩም። እስክጨርስ ድረስ ሁሉም እጄን አዩ።

ያልኩት ይህ ነው፦

 

 

 

 

፲

ረቂቁ ገና አልጸደቀም። በቀጣዩ ጉባኤ ግን አስተርጓሚ ነበረ።