ዲንኪቱ ጎሊቻና የገናሌው ዓለም አቀፍ ዋንጫ

ዲንኪቱ ጎሊቻ የተቆጣች ዕለት ገናሌ ወንዝ ወደ ኋላ ፈሰሰ እያሉ የሚያወሩ አሉ። ውሸታቸውን ነው። ወንዙ ለጥቂት ጊዜ ቆም አለ እንጂ ወደ ኋላ አልፈሰሰም። እውነቱን የፈለገ ሰው ከነገሌ እስከ ፊልቱ፣ ከዱብሉቅ እስከ ያቤሎ ያገኘውን የፍየል ነጋዴ ይጠይቅ፤ ያን ሰሞን ወንዙ ዳር ያልነበረ ነጋዴ የለም። አሜሪካኖች በአንድ ወንዛቸው ዳር የሞተር ጀልባ እሽቅድምድም ለማየት ብዙ መቶ ሺህ ሰው ወጣልን ብለው በመጽሔት አስጽፈዋል። ገናሌ ዳር የወጣው ሕዝብ ከዚያ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ፍየሎቹ ከተጨመሩማ ማወዳደሩም ነውር ነው።

ነገሩ የሆነው በሃምሳ ስምንት ዓ.ም. በዘውድ በዓል ዕለት ነው። ቦረናዎች ሐገያ የሚሉት ዝናብ በደንብ ጥሎ፣ ገናሌ ዛፍ ከነሥሩ እየነቀለ ይወርድ ነበር።

ዲንኪቱ በዚያ ወንዝ ላይ ሰው የምታሻግር ሴት ናት። ጀልባው የእሷ አይደለም። ነዳጅ እንፈልጋለን ብለው የመጡ ፈረንጆች ነዳጁን ሲያጡ ትተውት ሲሄዱ፣ ገብረአምላክ የሚባል የነገሌ ባለሱቅ ገዛው። መጀመሪያ የነዳው ባሏ ጎዳና ነበር። ጎዳና አንድ ቀን በጭነት መኪና ተሳፍሮ ወደ ሞያሌ ወረደ፤ እስከ ዛሬም እየወረደ ይሆናል። ዲንኪቱ በማግስቱ ማንንም ሳትጠይቅ የሞተሩን ገመድ ስባ አስነሳችው። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰውና ፍየል፣ ጨውና ቆዳ፣ ሙሽራና አስከሬን አሻግራለች። አዞዎቹ ድምጿን ሲሰሙ መንገድ ይለቁላት ነበር፤ አስተዋዮቹማ ጅራታቸውን ሰብሰብ አድርገው። የተሻገረው ሰው ግን ማዶ ወርዶ አቧራውን ሲያራግፍ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «የገብረአምላክ ጀልባ አሻገረን።» ጀልባው ራሱን የሚነዳ ይመስል። ይህ ቃል ጆሮዋ ውስጥ እንደ መዥገር ተጣብቆ ስድስት ዓመት ደሟን መጥጧል።

እሽቅድምድሙን ያመጣው ቢረሳው ነው። ቢረሳው የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሲሆን፣ ቀደም ብሎ ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ መጋዘን ይጠብቅ ነበር። እንደ እሱ አነጋገር ግን መርከብ አዝዟል። ከምጽዋ ያመጣው ሀብት አንድ መጽሔት ብቻ ነው፤ ውስጡ የሞተር ጀልባ ዓለም አቀፍ ሻምፒዮና እንዴት እንደተጀመረ የሚያትት ጽሑፍ አለ። ከማንበብ ብዛት ገጾቹ እንደ ሻሽ ሳስተዋል። በዓሉ ሲቃረብ አለቆቹን እንግሊዝና አሜሪካ ያደረጉትን እኛ ለምን ይቅርብን ብሎ አሳመናቸው። በወንዙ ላይ ሦስት ጀልባ ነበር። አንዱ የገብረአምላክ ነው። ሁለተኛው ከጦርነቱ በኋላ ነገሌ የቀረ፣ ወፍጮ ያለው ጣሊያናዊ አዞ የሚያድንበት ነው። ሦስተኛውን አንድ የመናዊ የጨርቅ ነጋዴ ከሞምባሳ አስመጥቶት፣ እንዲነዳለት የዘመዱን ልጅ ከማንዴራ ጠርቶታል። ቢረሳው በጣቱ ቆጠረ፤ ጣሊያን፣ የመን፣ ኬንያ፣ ኢትዮጵያ። ሻምፒዮናው በዚያው ቅጽበት ዓለም አቀፍ ሆነ።

ውድድሩን ያላየ ሰው ያሳዝናል። ከመሻገሪያው ተነስቶ ቁልቁል ወርዶ፣ ደሴቱን ዞሮ ሽቅብ መመለስ ነው። ሦስቱ ሞተሮች ባንድ ላይ ሲጮኹ ነገሌ ያሉ ዶሮዎች እንቁላል መጣል አቆሙ፤ አንዳንዶቹ እስከ ገና አልጀመሩም። ጣሊያናዊው በመጀመሪያው መታጠፊያ ጉራቻ የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ላይ ወጥቶ ቁጭ አለ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ለሕዝቡ እጅ ነሳና እዚያው ሲጋራ አቀጣጠለ። የማንዴራው ልጅ እንደ ጥይት ነበር። ደሴቱ ጋ ሲደርስ ግን ሰፊውን መንገድ መረጠ። ዲንኪቱ በጉራቻና በደሴቱ መካከል ፍየል ተጨንቃ በምታልፍበት ቀጭን መንገድ ጀልባዋን በጎኗ አስተኝታ አለፈች። ስትመለስ የማንዴራው ልጅ ገና ጀርባዋን እያየ ነበር፤ እሱንም ከውሃው ብናኝ የተነሳ በደንብ አላየውም።

ከጀልባው ወርዳ ለሹማምንቱ ወደ ተተከለው ድንኳን በደስታ ገሰገሰች። ከድንኳኑ ፊት አንድ የነገሌ ሰዓት አዳሽ ዋንጫውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በምስማር ስም ይጽፋል። ዲንኪቱ ፊደል አልቆጠረችም። ስሙ ሲጻፍ አይታ የራሷ መስሏት ቀሚሷን አስተካከለች። ከዚያ የአውራጃው ምክትል ገዥ ተነስተው ዋንጫውን ለገብረአምላክ ሰጡት። ገብረአምላክ አዲስ ኮት ለብሶ ነበር። ሰዉ አጨበጨበ። ቢረሳው ከፍ ባለ ድምፅ አነበበው፤ «የገናሌ ዓለም አቀፍ የሞተር ጀልባ ሻምፒዮን፣ አቶ ገብረአምላክ።»

የወንዙ መቆም የሚባለው እንግዲህ ይኼኔ ነው።

ዲንኪቱ አልጮኸችም። ቢረሳውን ክንዱን ይዛ ወደ ጎን ወሰደችው። እሱም ያወቀውን መናገር የማይሰለቸው ሰው ነውና እየሳቀ አስረዳት። የዓለም ሕግ ነው አላት፤ አሸናፊ የሚባለው ባለንብረቱ ነው። መጽሔቱ እንደሚለው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ዋንጫ አየርላንድ ውስጥ፣ በፈረንጆቹ አሥራ ዘጠኝ መቶ ሦስት ሲካሄድ፣ ያሸነፈችውን ጀልባ የነዳት የባለቤቱ ድርጅት ጸሐፊ የሆነች ወጣት ሴት ነበረች። ዋንጫው ላይ የተጻፈው ግን የባለቤቱ ስም ነው።

ዲንኪቱ፣ «ልጅቱ ምን አለች?» ብላ ጠየቀችው።

«እሱን እንኳ መጽሔቱ አይናገርም።»

«እንግዲያው እኔ እናገራለሁ።»

ወደ ገብረአምላክ ሄደች። እስከዚያች ሰዓት አንቱ ትለው ነበር። ያን ዕለት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከአንቱ ወደ አንተ ወረደች፤ አወራረዷም ደረጃ በደረጃ አልነበረም። «ስሜን መልስልኝ» አለችው። ገብረአምላክ የሰከረች መስሎት ሳቀ። አብረውት ያሉትም ሳቁ። እሷም ወደ ጀልባው ተመልሳ የሞተሩን ማስነሻ ገመድ ፈታችና ወገቧ ላይ ታጥቃው ወደ ቤቷ ገባች።

በማግስቱ ወንዙ ዳር መንጋ ተከመረ። ወዲህ ወደ ፊልቱ የሚሻገሩ፣ ወዲያ ወደ ነገሌ ገበያ የሚመጡ። የቀሩት ሁለት ጀልባዎች አንዱ ለአዞ፣ አንዱ ለጨርቅ እንጂ ለፍየል አልተሠሩም። የፍየሎቹ ጩኸት ሶማሊያ ድንበር ድረስ ተሰምቶ ወታደሮች ምሽግ ገቡ ይባላል። ገብረአምላክ ሌላ ገመድ ልኮ ሌላ ነጂ አስቀጠረ፤ ሰውዬው ግማሽ ወንዝ ሳይደርስ ጉራቻ ላይ ወጥቶ፣ ጀልባውን ጎትተው እስኪያወጡለት ጣሊያናዊው የጣለውን የሲጋራ ቁራጭ ሲያይ ዋለ። ገብረአምላክ አንድ ሰው ላከባት፤ ሥራዋን ታጣለች አለ። ሌላ ሰው ላከ፤ ደመወዝ እጨምርላታለሁ አለ። ዲንኪቱ ለሁለቱም የመለሰችው አንድ ነው፤ ስሜ እስኪጻፍ ገመዱ ከወገቤ አይወርድም። በቁጣ ሥጋዋ ግሎ እጇን የጨበጠ ሁሉ ላብ ያጠምቀው ነበር።

በመጨረሻ መንጋው የቸገራቸው ሰዎች ነገሩን ለአባ ጋልጋሎ አቀረቡ። አባ ጋልጋሎ በቦረና ወግ በበኩር ልጃቸው ስም የሚጠሩ፣ የጉድጓድ ውሃ ተራና የከብት ክርክር በመዳኘት የከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ወንዙ ዳር ካለው ግራር ሥር ተቀመጡ። «አካም፣ ናጋ?» ተባብለው፣ የከብቱን ጤና፣ የሣሩን ነገር፣ የዝናቡን ነገር ጠያይቀው ሲጨርሱ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሌላ ዓለም አቀፍ ውድድር ሊካሄድ በቻለ ነበር። ከዚያ ገብረአምላክ ይናገር ተባለ።

ገብረአምላክ ሞኝ አይደለም። በቦረና ምድር ሃያ ዓመት ነግዷል። ቢረሳውን ከነመጽሔቱ ይዞ መጥቶ የዓለምን ሕግ ካስነበበ በኋላ፣ የአገሩንም ሕግ አነሳ። «እናንተ ደባሬ የምትሉት ወግ አለ» አለ። «ሰው ላሙን ለሌላው ያውሳል። ላሚቱ እዚያ ብትወልድ ጥጃዋ የማን ናት? የባለቤቱ አይደለችም? ጀልባዬ ከእሷ ዘንድ ሆና ዋንጫ ወለደች። በቃ።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ክርክሩ አምሮባቸው ነው። ዲንኪቱ ተነሳች። ቢረሳውን፣ «ያ ሕግህ ሌላስ ምን ይላል?» አለችው።

ቢረሳው ዝም ማለት ይችል ነበር። ግን ማን ጠይቆት ያውቃል? ገጹን ገለጠና አነበበ። ጀልባው፣ ሞተሩም፣ በውስጡ ያለው ማንኛውም ዕቃ ተወዳዳሪው በወከለው አገር የተሠራ፣ ነጂዎቹም የዚያው አገር ተወላጆች መሆን አለባቸው ይላል አለ። አንብቦ ሲጨርስ የገብረአምላክን ዓይን አየና መጽሔቱን ቀስ ብሎ ዘጋው።

«ሞተሩ የአሜሪካ ነው» አለች ዲንኪቱ። «ቆርቆሮው የፈረንጅ ነው። ቤንዚኑ ባሕር አቋርጦ የመጣ ነው። ይኼ ወገቤ ላይ ያለው ገመድ እንኳ ናይለን ነው። በጀልባው ውስጥ የዚህ አገር ሆኖ የተገኘው እኔ ብቻ ነኝ። ሕጉ ሕግ ከሆነ ከእኔ በቀር የተወዳደረ የለም።»

ሰዉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። አባ ጋልጋሎ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው ወደ ገብረአምላክ ዞሩ።

«ደባሬውን በትክክል ተናገርክ፤ ጥጃው የባለቤቱ ነው። ወተቱስ?»

«ወተቱ ያላቢው ነው፣ አባ ጋልጋሎ።»

«ይኼ ዋንጫ ይወልዳል?»

«ዋንጫ እንዴት ይወልዳል?»

«የማይወልድ ከሆነ ጥጃ አይደለም። ወተት ነው። ያለበችው ደግሞ እሷ ናት፤ ሁላችንም አይተናል።»

ገብረአምላክ የተሸነፈ ሰው ፊት አላሳየም። ዋንጫውን ከኮቱ ሥር አውጥቶ ዘረጋላት። «ውሰጂው» አላት እየሳቀ። «ማንበብ የሚችል ሁሉ የማን እንደሆነ ያነበዋል።»

ከዚያ በፊት የነበረው ቁጣ ቁጣ አልነበረም ለካ። ዲንኪቱ ዋንጫውን ተቀበለችና ደጋግማ አገላበጠችው። የማታነባቸው ፊደላት እያሾፉባት መሰላት። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህ ሰው አንድ ቀን ጀልባው ላይ እግሩን እንዳላሳረፈ፣ ፊልቱ ጉዳይ ሲኖረው እንኳ በጭነት መኪና ዞሮ እንደሚሄድ ወንዙ ዳር ያለ ሁሉ ያውቃል። «እሺ» አለች። «ዋንጫው ገብረአምላክ ነዳ ካለ ውሸታም አይሁን። ና ግባ። የነዳኸውን አሳየን።»

ገብረአምላክ ወደ አባ ጋልጋሎ ተመለከተ። አባ ጋልጋሎ ወደ ወንዙ ተመለከቱ። ሰዉ ሁሉ ወደ ገብረአምላክ ተመለከተ። ኩሩ ሰው ነው፤ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ገባ። ዲንኪቱ ገመዱን ከወገቧ ፈትታ ሞተሩ ላይ ጠመጠመችና ሳበችው።

የውድድሩን መንገድ ወሰደችው። ገብረአምላክ በሁለት እጁ ጠርዙን ጨምድዶ፣ ኮቱ ረጥቦ፣ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ይህን ማንም ሊክደው አይገባም። ደሴቱ ጋ ሊደርሱ ሲሉ ዲንኪቱ ሞተሩን አጠፋች። ጀልባው በጎርፉ ላይ ቀስ ብሎ ዞረና ወደ ጉራቻ መንሸራተት ጀመረ። በሁለቱም ዳር ያለው ሕዝብ ጸጥ አለ፤ ፍየሎቹም።

ተነስታ ቦታዋን ለቀቀችለት። «ያዝ» አለችው።

እጀታውን ያዘ። ወዲህ አለው፤ ወዲያ አለው። ምንም የለም። «ምን ላድርግ?»

«ያን ዕለት ያደረግከውን።»

ድንጋዩ ቀረበ። ገብረአምላክ ድንጋዩን አየ፤ እሷን አየ። ዲንኪቱ እጆቿን አጣምራ እንደ ቆመች ነው፤ ድንጋዩ ለእሷም ድንጋይ መሆኑን የረሳች ትመስላለች። የገባው ያኔ ነው፤ ይህች ሴት እያስፈራራችው አይደለም፣ እውነት ተቆጥታለች።

«ያን ዕለት እኔ ድንኳን ውስጥ ነበርኩ» አለ።

«አልሰማሁም።»

«ድንኳን ውስጥ ነበርኩ። የነዳሽው አንቺ ነሽ። ያሸነፍሽው አንቺ ነሽ።»

ያቤሎ ድረስ ተሰምቷል የሚሉ አሉ፤ ይህስ ትንሽ ሳይጋነን አይቀርም። ሁለቱ ዳር ግን በደንብ ሰምቷል። ዲንኪቱ ገመዱን ሳበች። ሞተሩ አንድ ጊዜ አስነጠሰ፤ ደግማ ሳበችው፤ ተነሳ። ጉራቻን በክንድ ርቀት አለፉት።

ዳር ሲደርሱ ገብረአምላክ ማንም ሳያዘው ጀልባው ውስጥ እንደ ተቀመጠ ዋንጫውን ጠየቃት። ከኪሱ ሰንጢ አወጣና የራሱን ስም ራሱ ፋቀው። ጊዜ ወሰደበት። ቢረሳው በምስማር የእሷን ጻፈበት። ከነአባቴ ስም አለችው፤ ከነአባቷ ስም ጻፈ። ይህ ብቻ አይደለም፣ ጎላ አድርገው አለችው፤ ከማዶ የሚነበብ አድርጎ ጻፈው። ከዚያ ጮክ ብሎ እንዲያነብላት አደረገች። ሲጨርስ አንድ ጊዜ አስደገመችው።

ገብረአምላክ ውሃ ከኮቱ እየተንጠባጠበ ቀና አለ። አንድ መልካም ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ምናልባትም ይቅርታ ነበር። ዲንኪቱ የምትጠብቅበት ትዕግሥት አልቀራትም።

«ውረድ እንግዲህ» አለችው ገመዱን በእጇ እየጠቀለለች። «ፍየሎቹ እየጠበቁ ነው።»