ነጩ የበላው ገመድ

ትንሹ ልጄ የፎቅ መስታወት ያጥባል። ከጣራ ላይ በገመድ ወርዶ፣ ባልዲውን ከጎኑ አንጠልጥሎ፣ እየወለወለ ቁልቁል ይመጣል። እህቱ «ጦጣው» ትለዋለች። እኔ እንኳን በሥራው ልቀልድ፣ ጠዋት «በሰላም ግባ» ብዬ ከሸኘሁት በኋላ ቀኑን ሙሉ ስልኬን ሳይ ነው የምውለው።

«እማ፣ ሁለት ገመድ አለ እኮ» ይለኛል ሁልጊዜ። «አንዱ የምቀመጥበት ነው። ሌላው ወገቤ ላይ ይታሰራል። አንዱ ቢበጠስ ያኛው ይይዘኛል።»

እንቅልፍ የሚወስደኝ በዚያ በሁለተኛው ገመድ ነው።

ትልቋ ልጄ ጭንቀቴ ሲሰለቻት ፎቶ ማንሳት የሚያስተምሩበት ቦታ አስመዘገበችኝ። «ቤት ቁጭ ብለሽ ግድግዳ ከምታዪ፣ ወጥተሽ የሰው ግድግዳ እዪ» አለችና የድሮ ካሜራዋን ሰጠችኝ። ትምህርቱ የከተማ ሕንፃ በጥቁርና ነጭ ማንሳት ነው። ዓለም ባለቀለም ከሆነ ስንት ዘመኑ፣ እኔ ወደ ኋላ ልሄድ ነው ብዬ ስቄ ነበር።

ግን ወደድኩት። መምህሩ የልጄ እኩያ ነው። «እማማ፣ ቀለሙን ይርሱት። ብርሃኑ የት አለቀ፣ ጥላው የት ጀመረ፣ እሱን ብቻ ይዩ» ይላል። ጠዋት ፀሐይ በጎን ስትመታ በረንዳዎቹ ጥላቸውን ይጥላሉ፤ ያኔ ማንሳት ነው። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ኮንትራስት የሚባለውን ወደ ቀኝ መግፋት ነው። ጥቁሩ ከሰል ይሆናል፣ ነጩ ወረቀት ይሆናል፤ መሃል የነበረው ግራጫ ሁሉ ወይ ወደዚህ ወይ ወደዚያ ይገባል።

አንድ ቀን የቤት ሥራ ሰጠን፤ ትልቅ ሕንፃና ትንሽ ሰው በአንድ ፎቶ። ሌሎቹ መንገደኛ ሲጠብቁ እኔ የት እንደምሄድ አውቅ ነበር። ልጄ የሚያጥበው ነጭ ሕንፃ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ቆምኩ። አልነገርኩትም፤ ቢያየኝ ይናደዳል። በባዶ ዓይኔ ቀና ብዬ ላየው አልችልም። በካሜራው ግን ቻልኩ። «አምላኬ፣ አንተ ያዘው» እያልኩ ደጋግሜ አነሳሁት።

ክፍል ውስጥ መምህሩ ፎቶዬን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አሳየው። ኮንትራስቱን እስከ መጨረሻው ገፋው። ሕንፃው ነጭ በነጭ ሆነ፤ ልጄ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ቀረ።

«ተመልከቱ፣ አየር ላይ የተቀመጠ ነው የሚመስለው» አለ። «እማማ ሁላችንንም በለጡን።»

አጨበጨቡልኝ። አንዷ «ከእንግዲህ እርስዎ ያስተምሩን» አለች።

እኔ ዓይኔ ሌላ ነገር ይፈልጋል።

«መምህሬ፣ ገመዱስ?»

«ነጩ በላው። ፎቶውን ያሳመረው እሱ እኮ ነው።»

«መልስልኝ።»

«ምኑን?»

«ገመዱን። ልጄ ነው።»

መምህሩ ኮንትራስቱን ወደ ግራ መለሰው። ግራጫው ቀስ እያለ መጣ። መጀመሪያ የመስኮቶቹ ጠርዝ፣ ቀጥሎ ባልዲው የተንጠለጠለበት ማሰሪያ፣ ከዚያ ከልጄ ራስ በላይ ወደ ጣራው የሚሄድ ቀጭን መስመር። ተመስገን አልኩ።

«ሁለተኛውስ?»

አጎላው። እስከ ጣራው ድረስ አብረን ወጣን። የባልዲው ማሰሪያ ቋጠሮ ሳይቀር ይታያል፤ ሁለተኛ ገመድ የለም። «ከአንዱ ጀርባ ተደብቆ ይሆናል እኮ» አለኝ ሊያጽናናኝ። ከሌላ ጎን ያነሳኋቸውንም ከፈተ። በአንዱም የለም።

ያን ቀን ልጄ ከሥራ ሲገባ የታተመውን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጠበቅኩት።

«ያምራል» አለ መጀመሪያ። ከዚያ ፎቶው ላይ ያለው እሱ መሆኑን አወቀ። «እማ፣ እየተከታተልሽኝ ነው?»

«ሁለተኛው ገመድ የታለ?»

ፎቶውን ገለበጠው። «ሥራ ያጓትታል። እሱን ሳስርና ስፈታ አለቃው ይጮሃል። ጓደኞቼም አያስሩም። የታሰርኩ ለታ ‹የእናቱ ልጅ› እያሉ ሲስቁብኝ ዋሉ።»

«ታዲያ የማን ልጅ ነህ?»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

«ነገ እመጣለሁ» አልኩት። «ከነገ ወዲያም። አልጮህም፣ አልጠራህም። ከማዶ ቆሜ አነሳሃለሁ፣ በቃ።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ይበሉህ። አንተ ብቻ በሕይወት ኑርና ስማቸው።»

በማግስቱ ሰማዩ ደመና ነበር። ልጄ የጣራው ጠርዝ ላይ ብቅ አለና ቁልቁል አየኝ። ወዲያው ተመልሶ ጠፋ። ቆየ። ጸሎቴ እንኳን ተደባልቆብኝ አጋምሼው እንደገና እጀምራለሁ። ከዚያ እግሩ መጣ፣ ባልዲው መጣ። በካሜራዬ አቅርቤ ከራሱ በላይ ያለውን ፈለግኩ። ሁለት ቀጫጭን ግራጫ መስመሮች።

መምህሩ ፎቶውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ይቺ ደካማ ናት እማማ። ጥቁርም የላት፣ ነጭም የላት።» እጁ ወደ ኮንትራስቱ ሲሄድ ያዝኩት።

«እንዳትነካብኝ፤ እንደዚሁ ትሁን።»

የነጩ ሕንፃ ሥራ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ጭንቀት መጣ። ቀጥሎ የት እንደሚሄድ ካልነገረኝ ከየትኛው ፎቅ ሥር እቆማለሁ? ልጠይቀው አፌን ከፍቼ እዘጋለሁ፤ ብጠይቀው የሚዋሸኝ መሰለኝ።

አንድ ጠዋት በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ያስራል። ቀና ሳይል፣

«ባንኩ ጋ ነኝ ዛሬ» አለ። «ግን ከሰዓት ነው ፀሐይ የምታገኘው። አሁን ብትመጪ ጥላ ነው፣ ፎቶ አይወጣልሽም።»

ካሜራዬን አንገቴ ላይ አጠለቅኩ።

«አሁን ነው የምመጣው» አልኩት።