ሁለት ነጭ ዶሮዎችና አምስት መርሆዎች

ሐሙስ ጥቅምት ሃያ ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ በሰው አገር፣ ሸሪካት በተባለ ሰፈር ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ነጭ ዶሮዎች በአንድ ድስት ፍል ውሃ ገቡ። አንዱን ያረደው የሀኒ ወንድም ነው፤ ቢስሚላህ ብሎ። ሌላውን ደግሞ የጎረቤቷ የእትዬ ዕፀገነት ባል፣ በስመ አብ ብሎ። ድስቱ አንድ ይሁን ያለችው ግን ሀኒ ናት።

"ከሰል ተወዷል። ችግር ደግሞ ገርነትን ያመጣል፤ ከአምስቱ የፊቅህ መርሆዎች አንዱ ነው" አለች የእስልምና ሕግ የምትማረው ሀኒ። የራሷን ዶሮ እግር ለምልክት በክር አስራ ስለነበር ልቧ ሙሉ ነበር።

ዶሮዎቹ ተነጭተው ሲያበቁ ክሩ ብቻውን ውሃው ላይ ተንሳፎ ተገኘ።

እትዬ ዕፀገነት እጃቸውን ወገባቸው ላይ ጫኑ። "እህስ? የክርስቲያኑ የትኛው ነው?"

ሀኒን ላብ አጠመቃት። ለእራት የምትጠብቀው መምህሯን ኡስታዛ ነጂባን ነው። በጉምቦ ሰፈር ያሉ የሃይማኖት ትምህርት ጀማሪ ሴቶችን ለማስተማር የኡስታዛን ፈቃድ የምትለምነውም በዚሁ ማዕድ ላይ ነበር።

"እርግጠኝነት በጥርጣሬ አይወገድም" አለች እንደ ምንም።

"እርግጠኛ የሆንሽው በምኑ ነው?"

"አንዱ የኔ በመሆኑ።"

"እሱንማ ዶሮዎቹም ያውቁ ነበር!"

ኡስታዛ ነጂባ መጥተው ጉዳዩን ሲሰሙ፣ ሀኒ መርሆዎቹን ከነማብራሪያቸው ታወርድላቸው ጀመር። አምስተኛው፣ ልማድ ዳኛ ነው የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ኡስታዛ እጃቸውን አነሡ።

"አንድም አልሳትሽም፣ ልጄ። ነገር ግን የሚበላው ከማይበላው መለየት ሲያቅት ሁለቱም ይተዋሉ። ጉዳት ይወገዳል የሚለውንስ ስትጠቅሺ፣ የጎረቤትሽን እራት አሰብሽው?"

ሀኒ አላሰበችውም ነበር።

"እኔስ የትናንት የጾም ምስር ተርፎኛል፤ ለሦስት ይበቃል" አሉ እትዬ ዕፀገነት፤ ሳቃቸውን መቋቋም አቅቷቸው።

በዚህ መሐል የአገሩ ተወላጅ የሆነው የግቢው ባለቤት ስምኦን ብቅ አለ። ነገሩን አስረድተው ሳይጨርሱ "ኩሉ ሳዋ! ሁሉም አንድ ነው! ዶሮ ያው ዶሮ ነው!" ብሎ ሁለቱንም በሁለት እጁ አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ገባ።

ሦስቱ ምስሩን ከበቡ። ሀኒ መጀመሪያ ለጎረቤቷ፣ ቀጥሎ ለመምህሯ አጎረሰች። ከዚያም ጠየቀች፦

"ኡስታዛ፣ እንግዲህ ከቅዳሜ ጀምሮ ጉምቦ ላስተምር?"

ኡስታዛ አፋቸው በራሷ በሀኒ ጉርሻ ሙሉ ነበር፤ መልሱ እስኪመጣ ቀስ ብለው ያላምጣሉ።