ስፒከሮቹ የትም አይሄዱም

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በስልክ ማዞሪያ ቤት ገመድ ስትሰካና ስትነቅል የኖረች ሴት ናት። ጡረታ ከወጣች ቆይታለች፤ ሰፈሩ ግን ዛሬም «ኦፕሬተሯ» ነው የሚላት፣ እሷም ደስ ይላታል። ልጇ ብቻ ነው እናቱ ስለ ገመድ አንዳች ነገር ታውቃለች ብሎ የማያምነው። እሱ ዘመኑ ገመድ አልባ ነው ባይ ነው።

ጠቡ የተነሳው በሳሎኗ ጥግ በተቀመጠው አሮጌ ስቴሪዮ ነው። ወገብ የሚደርሱ ሁለት የእንጨት ስፒከሮች፣ በመካከላቸው ደግሞ ለማንሳት ሁለት ሰው የሚፈልግ አምፕሊፋየር። የሸክላ ማጫወቻው ከተሰበረ፣ ቴፑም ከተበላሸ ወዲህ አምፕሊፋየሩን የሚያናግረው ጠፍቶ ዝም ብሏል። ልጅየው በምትኩ ከስልክ ጋር የምትገናኝ ጡጫ የምታክል ስፒከር ለእናትና ለአባቱ አመጣላቸው። ነገሩን ጨረስኩ ብሎ እጁን አራገፈ።

ምንም አልጨረሰም። ባሏ ሃያ አምስት ዓመት በሆቴል ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር የመታ ሰው ነው። በእርጅና ጆሮው ደክሟል፤ ቀጭን ድምፅ አይደርሰውም፣ ወፍራሙን ግን በደረቱም በእግሩም ይሰማዋል። ያቺ ጡጫ የምታክል ነገር ወፍራም ድምፅ የሚባል የላትም። ስለዚህ መጀመሪያ ሙዚቃ መስማት ተወ፣ ከዚያ ማውራት ተወ፣ በመጨረሻ ደግሞ መከራከር ተወ። የሻይ ስኳር በዛ አነሰ ብሎ ግማሽ ቀን ይሟገት የነበረ ሰው አሁን ለሁሉም ነገር መልሱ «እሺ» ነው። ሰባት ወር ሙሉ «እሺ»። ኦፕሬተሯን ከበሽታ የበለጠ ያስፈራት ይሄ ነው።

«ቅዳሜ አራት ሰዓት አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው ይመጣል» አላት ልጇ።

«ከኔ ሳሎን ምን ሊወስድ?»

«እማ፣ አይዘፍንም እኮ። ቦታ ይዞ ከመቀመጥ በቀር ምን ይሠራል?»

«እስከ ቅዳሜ ከዘፈነስ?»

«ከዘፈነ አፌን እይዛለሁ። ካልዘፈነ ግን ይሄዳል፤ ቃልሽን ስጪኝ።»

ሰጠችው። ደሟ ፈልቶ ስለነበር ሁለቴ አላሰበችም።

በማግስቱ መንገድ ዳር ካለው የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ዘንድ ሄደች። ሰውየው የክብሪት ቀፎ ከምታክል ብዙም የማትበልጥ ጥቁር ሳጥን አወጣላት፤ ዋጋዋ ከአንድ ጥንድ ጫማ ያንሳል።

«እናቴ፣ ይቺ ከዋይፋዩ ጋር ትገናኛለች» አላት። «ዘፈኑን በቀጥታ ከኢንተርኔት ትቀበላለች፣ ስልክዎ ማዘዣ ብቻ ነው። ብሉቱዝ ዘፈኑን ጨምቆ ነው የሚያሳልፈው፤ ይቺ ሳትጨምቅ እንዳለ ታመጣዋለች። ቀይና ነጩን ገመድ አምፕሊፋየሩ ላይ ሰክቶ መስማት ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ባሏን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው፤ እሺ ብሎ ተቀመጠ። ልጇም እጁን አጣምሮ በሩ ላይ ቆመ። ኦፕሬተሯ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ተንበረከከች። ከኋላው ካሉት ሁለት ጥንድ የገመድ ቀዳዳዎች የቴፑን ጥንድ፣ ቴፑ የተበላሸ ጊዜ ባሏ አቧራ እንዳይገባበት በፕላስተር አሽጎታል። ክፍት ያለው የሸክላ ማጫወቻው ቦታ ስለነበር እዚያው ሰካችና ከስልኳ አንድ ዘፈን አዘዘች።

የወጣው ዘፈን አይደለም። ቆርቆሮ በአስፋልት ላይ ሲጎተት የመሰለ ጩኸት ነው። ባሏ ደንግጦ ተነሳ፣ «እሺ፣ ይበቃል» አለና ወደ መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ።

«ስፒከሮቹ ሞተዋል» አለ ልጇ፣ በለስላሳ ድምፅ። ልስላሴው ነው ይበልጥ ያናደዳት። ዘፈኑን አቁማ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ቅስሟ ተሰብሮ ነበር፤ ባሏን እንደገና ወደዚያ ወንበር ማን ይመልስላታል?

የውጩ በር ተንኳኳ። ዕቃ ገዢው መጣ።

«እማ፣ ቃል ሰጥተሻል።»

«አራት ሰዓት አልሞላም። ሰውየው ይቁም።»

የድምፅ ማስተካከያውን አየችው። የከፈተችው በጣም ጥቂት ነው፤ ጩኸቱ ግን ቤቱን አናግቶታል። የሞተ ስፒከር እንዲህ አይጮኽም። ይሄ ብዙ ድምፅ የገባበት መስመር ነው። እንዲህ ያለውን ጩኸት ደግሞ ታውቀዋለች። ማዞሪያ ቤት የሩቅ አገር መስመር ድምፁ ደክሞ ስለሚመጣ መንገድ ላይ የሚያጎላው መሣሪያ ነበር፤ ጀማሪ ኦፕሬተር ተሳስታ የቅርብ ደንበኛ እዚያ ላይ ከሰካች ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ይወጣል፣ ደንበኛውም ይሳደባል። የሸክላ መርፌስ ድምፁ ምን ያህል ነው? ከሹክሹክታ አይበልጥም። አምፕሊፋየሩ ለዚያ ቀዳዳ ብቻ አስቀድሞ ያጎላለታል። ይቺ ጥቁር ሳጥን ግን ድምጿ ከመነሻው ጎልቶ ነው የሚመጣው።

«የሩቁን መስመር ለጎረቤት ሰጥቼዋለሁ» አለች ጮክ ብላ። ሠላሳ ዓመት ጀማሪዎችን ስትቆጣበት የኖረችውን ስሕተት ራሷ ሠርታው አረፈች።

ፕላስተሩን በጥፍሯ መቦጨቅ ጀመረች። ልጇ መጥቶ አምፕሊፋየሩን በአንድ በኩል ያዘ።

«በቃ እማ፣ ራስሽን አታድክሚ። ሰውየው ቆሞ እየጠበቀ ነው።»

«እጅህን አንሳ።» ሽንጧን ገትራ በእሱና በአምፕሊፋየሩ መካከል ቆመች። «ይሄ ቤት የኔና የአባትህ ነው። ስፒከሮቹ የትም አይሄዱም። ቃልሽን በላሽ በለኝ፤ ከፈለግክ ለሰፈሩ ሁሉ ንገር። እጅህን አንሳ ግን።»

ልጅየው እናቱ ቃሏን ስትበላ አይቶ አያውቅምና እጁን አነሳ።

ፕላስተሩን ልጣ ጨረሰች፤ ቀይና ነጩን ወደ ቴፑ ቀዳዳ አዛወረች፣ አምፕሊፋየሩ ፊት ያለውን መምረጫ ቁልፍም ቴፕ ላይ አደረገችና ያንኑ ዘፈን አዘዘች። በመጀመሪያ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ ተሰማ። ከዚያ ከበሮው ገባ፣ ቀጥሎ ደግሞ ቤዙ መጣና በወለሉ ውስጥ አልፎ ወደ ጉልበቷ ወጣ። በጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ መንዘር ጀመረ። ልጇ ስፒከሮቹን ተራ በተራ አያቸውና አፉን ያዘ።

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ባሏ በካልሲ ብቻ ወጥቶ ወለሉ መሃል ቆመ፤ በእግሩ እያዳመጠ ነበር። ፊቱን አጨፈገገ።

«ቤዙን የሚመታው ማን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ቸኩሏል።»

ኦፕሬተሯ ወደ እሱ ዞረች። «ምንም አልቸኮለም።»

«ቸኩሏል እልሻለሁ። ከበሮውን ጥሎት እየሄደ ነው። አንቺ ስለ ቤዝ ምን ታውቂያለሽ?»

«ሃያ አምስት ዓመት ያንተን ሰምቻለሁ።»

«ያም ቢሆን አልገባሽም። ድምፁን ጨምሪው።»

«ተጨምሯል።»

«ላንቺ ነው የተጨመረው!»

ልጇ ዕቃ ገዢውን ሊያሰናብት ቀስ ብሎ ወጣ። ባሏ ግን አልበቃውም፤ እጁን እያወናጨፈ ቤዝ እንዴት እንደሚመታ፣ የዛሬ ልጆች ምን እንደጎደላቸው፣ እሷም ከድሮ ጀምሮ ጆሮዋ ለሙዚቃ እንዳልተፈጠረ ይደረድርላት ጀመር። እንባዋ መጣ። ካለቀሰች ክርክሩን ያቆምላታል ብላ ፈራችና ዋጠችው።

«አልቸኮለም» አለች ደግማ።