ከበዓሉ በኋላ ይደርሳል

ዩሩ ክፉ ክፉው ቀድሞ የሚታያት ሴት ነች። ልጇ ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገየ ሆስፒታል ትደውላለች። ታይቹንግ ከተማ፣ የመዋዕለ ሕፃናትን ድረ ገጾች በሚያስተዳድረው ቢሮ ውስጥ ይህ ጠባይዋ የምሳ ሰዓት መሳቂያ ነበር።

የጨረቃ አዲስ ዓመት ዋዜማ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ድረ ገጾቹ የሚሠሩበት የሰርቨር ሶፍትዌር ቀዳዳ ተገኝቶበታል፤ ማንም ሰው የትም ተቀምጦ ያለ ይለፍ ቃል ሊገባ ይችላል። ማስተካከያው ወጥቷል። እሱን ጭኖ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሳት የእሷ ሥራ ነው።

ወደ ማሽኑ ክፍል ስትገባ የቢሮው አንጋፋ ኮንግ ሰርቨሩ አናት ላይ ያለውን አረንጓዴ የመክሰስ ከረጢት በአዲስ እየቀየረ ነበር። የመክሰሱ ስም «ጨዋ ልጅ ሁን» እንደማለት ነው፤ ጊዜው ያላለፈበት ከረጢት የተቀመጠበት ማሽን አያስቸግርም ይባላል።

«ወንድም ኮንግ፣ ዛሬ ላጠፋው ነው።»

«እህት ዩሩ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሊወርድብን ነው? እሳት ወይስ ጎርፍ?»

«የልጆቹን ስምና የቤተሰቡን ስልክ ሊወስዱ ይችላሉ።»

«በበዓል ሌባም እናቱ ቤት ነው የሚበላው። ጨዋ ሆኖ የተቀመጠ ልጅ አይቆነጠጥም። ጠፍቶ አልነሳም ቢልሽስ?»

በር ላይ የቆሙት ሳቁ። ዩሩም አብራ ሳቀች። ኋላ ላይ ለራሷ ይቅር ማለት ያቃታት ያንን ሳቅ ነው። ከበዓሉ በኋላ ይደርሳል ብላ ቦርሳዋን አነሳች። ከረጢቱ የሚያልፍበትን ቀን ቢሮው በሙሉ ያውቃል፤ ሶፍትዌሩ መቼ እንደታደሰ ግን የሚጠይቅ አልነበረም።

አማቷ ቤት ስልኳን ሳትነካ ተረጋግታ በላች። «ዘንድሮስ ሰው ሆንሽ» አሏት አማቷ። ደስ አላት።

በዓሉ እንዳለፈ የአንዱ መዋዕለ ሕፃናት ርዕሰ መምህርት ደወለች። የማይታወቁ ሰዎች ለአያቶች እየደወሉ፣ የልጁን ስምና ክፍል እየጠሩ «መኪና ገጭቶታል፣ ለማሳከሚያ ላኩ» ይላሉ። አባባ ሉዎ የልጅ ልጃቸው የሲንዪ ስም ሲጠራ በነጠላ ጫማ ደረጃውን እየሮጡ ሲወርዱ ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ልጅቷ አክስቷ ቤት ስትጫወት ነበር።

ዩሩ ማስተካከያውን ጫነች። ሥራው ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ አለቀ።

«አንቺማ ተናግረሽ ነበር» አላት ኮንግ አንገቱን ደፍቶ።

«ተናግሬ ተውኩት።»

አባባ ሉዎን ልትጠይቅ ሆስፒታል ሄደች። ሽማግሌው ሲያዩዋት ፈገግ ለማለት ሞከሩ።

«እኔም ክፉ ክፉው ነው የሚታየኝ፣ ልጄ። ሳልጠይቅ ሮጥኩ። ግን ስሟንና ክፍሏን ከየት አወቁት?»

«ከእኛ ነው፣ አባባ። እኔ ከምጠብቀው ማሽን።»

«ሊገቡ እንደሚችሉ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ዓይናቸውን ወደ ኮርኒሱ አነሱ። ከኮሪደሩ የሲንዪ ድምፅ ተሰማ።

«እሷ እንዳትሰማ» አሉ፣ ዩሩን ሳያዩ። «ትምህርት ቤቷን ትወዳለች።»

ዩሩ ተነስታ ወንበሩን ለልጅቷ ለቀቀች።